የፓንክን አመፅ ሒሳብ የከፈለው ማን ነው? የብሪታንያ ልብ ወለድ ያነበበ ይምጣ

ገጽ_ገላጭ (ለንደን)፦

ሰላም ለቤቱ። ሰሞኑን ስለ ፓንክ (የሰባዎቹ የብሪታንያ ወጣቶች ጩኸታም የዓመፅ ሙዚቃ) ዘመን የተጻፉ የብሪታንያ ልብ ወለዶችን ደራርቤ እያነበብኩ ነው። አንድ ነገር ከራሴ አልወጣ ስላለኝ ወደናንተ አመጣሁት።

ፓንክ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ቀጥ ብሎ የቆመ ባለ ቀለም ፀጉር፣ መርፌ ቁልፍ የተሰካበት ጃኬትና ጩኸት ነው። በ1977 ንግሥቲቱ የነገሠችበትን 25ኛ ዓመት አገሩ ሲያከብር ሴክስ ፒስትልስ የሚባሉት የፓንክ ባንድ በዘፈን ተሳለቁባት፤ ቢቢሲም ዘፈኑን አላሰማም አለ። ይሄን ሁሉም ያውቀዋል። ልብ ወለዶቹን የሚያስጨንቃቸው ግን ሌላ ነገር ነው። ለመሆኑ ማመፅ የሚችለው ማን ነው? ጭፈራው ሲያበቃ ሒሳቡ የሚመጣው ለማን ነው?

ለኔ ዋናው መጽሐፍ የሃኒፍ ኩሬሺ «ዘ ቡድሃ ኦፍ ሰበርቢያ» ነው። በ1990 የወጣ ነው። ተራኪው ካሪም አባቱ ሕንዳዊ፣ እናቱ እንግሊዛዊት ናቸው። የሚኖሩት ከለንደን በስተደቡብ ብሮምሊ አካባቢ ነው። ቻርሊ የሚባል መልከ መልካም ጓደኛ አለው። ቻርሊ የሮክ ኮከብ ካልሆንኩ ይላል፤ ባንዱ ግን ጠብ የሚል ነገር የለውም። አንድ ምሽት ሁለቱ ምዕራብ ለንደን ውስጥ አንድ መጠጥ ቤት ገብተው የፓንክ ልጆች ሲጫወቱ ያያሉ። ቻርሊ ይሰክራል፤ በቢራው ሳይሆን ባየው ነገር። ያ የስድሳዎቹ ጊዜ ዛሬ አከተመለት፣ የነገው ዓለም የነዚህ ነው ይላል። ካሪም ግን አይዋጥለትም። እኛ እንደነሱ አንጠላም፤ የምንጠላበትም ምክንያት የለንም፤ ከመንግሥት ኪራይ ቤቶች ሰፈር አልወጣንም ይለዋል።

ቻርሊ ማን ሰምቶት! ልብሱን ይቀይራል፣ የባንዱን ስም ይቀይራል፣ የራሱንም ስም ቻርሊ ሂሮ ያደርጋል። ከዚያ ኒው ዮርክ ነው። ያኔ ኩሬሺ የጨመራት አንዲት ነገር አለች። ቻርሊ ልጅ ሳለ አነጋገርህ የሀብታም ልጅ ነው ብለው ቀልደውበት ያለቀሰ ልጅ ነው። አሜሪካኖቹ ፊት ግን ምሥራቅ ለንደን የሠራተኛ ሰፈር ያደገ ይመስል ምላሱን አጣሞ ያወራል። ካሪም ይህን ሲያይ ልጁ እንግሊዛዊነትን እየቸረቸረ ጥሩ ገንዘብ እየሠራ ነው ብሎ ይደመድማል።

ስለዚህ የኔ ንባብ ይሄ ነው፤ ጥሩዎቹ የፓንክ ልብ ወለዶች ስለ ጩኸቱ አይደሉም። የተናደደው አንዱ፣ ንዴቱን የሸጠው ሌላው መሆኑን ነው የሚናገሩት። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ጡረተኛው_መምህር (አዲስ አበባ)፦

ጥሩ ርዕስ ከፈትክ ልጄ። ነገር ግን ከ1976 ወዲህ ብቻ ካየህ ግማሹ ታሪክ ያመልጥሃል። ሙዚቃው ስም ሳይወጣለት ጠባዩ መጽሐፍ ውስጥ ነበረ።

አለን ሲሊቶ የኖቲንግሃም ሰው ነው። በ14 ዓመቱ ትምህርት ትቶ ራሌይ ብስክሌት ፋብሪካ ገባ። በ1959 ስለ አንድ ሯጭ ልጅ የጻፈውን «ዘ ሎንሊነስ ኦፍ ዘ ሎንግ ዲስታንስ ራነር» አሳተመ። ስሚዝ የሚባል ወጣት ዳቦ ቤት ዘርፎ ገንዘቡን ከቤቱ በር አጠገብ በሚወርደው የአሸንዳ ቱቦ ውስጥ ይሸጉጣል። መርማሪው እየተመላለሰ ይጠይቀዋል፤ ልጁም ዓይኑን በጨው አጥቦ ይክዳል። አንድ ቀን ግን ዶፍ ይጥላል። መርማሪው በር ላይ ቆሞ ሲያወራ ውኃው የፓውንድ ኖቶቹን ከቱቦው እየገፋ ከፊታቸው ያወጣቸዋል። አስተማሪ እያለሁ ይህቺን ቦታ ሳነብ ክፍሉ በሙሉ ይስቅ ነበር። ከዚያ ልጁ የወጣት ጥፋተኞች ማረሚያ ይገባል፤ ሳቁም ያበቃል።

ማረሚያው ውስጥ ልጁ ሩጫ መቻሉ ይታወቃል። አለቃው ዋንጫውን ይቋምጣል። ጎህ ሲቀድ ብቻውን ወጥቶ እንዲለማመድ ይፈቅድለታል። አሸንፍልኝ፣ እኔም አስብልሃለሁ ነው ነገሩ። በውድድሩ ቀን ስሚዝ ሁሉንም ጥሎ ይመጣል። መጨረሻው መስመር ጋ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሕዝቡ ይጮኻል፣ አለቃው ይንጨረጨራል። ልጁ ከኋላው ያለው ሯጭ ደርሶ እስኪያልፈው ድረስ ይጠብቃል።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ። ቅጣቱን የተቀበለው ራሱ ስሚዝ ነው፤ በቀረው ጊዜው ቆሻሻ ሲያግዝና ወለል ሲፈገፍግ ቆየ። ነገር ግን የሚመጣበትን አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ቻርሊህ በማመፁ አተረፈ። ስሚዝ ማትረፍ እየቻለ እምቢ አለ። የፓንክ ፍልስፍና የሚባል ነገር ካለ ለኔ ያለው እዚያ መስመር ላይ ነው፤ ጊታር አያስፈልገውም።

ባለጊታሩ (አዲስ አበባ)፦

አቦ! ፓንክን ሒሳብ ሹም አደረጋችሁት እኮ። ጋሼ፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ጊታር አያስፈልገውም የሚለውን እኔ ባለሁበት ባይሉት።

ፍልስፍናው አንድ መስመር ነው፤ ማንንም አታስፈቅድ፣ ራስህ ሥራው። በጥር 1977 ሳይድበርንስ የምትባል ትንሽ መጽሔት የሦስት ኮርድ (ጊታር ላይ የጣት አያያዝ) ሥዕል አወጣች። ይሄ አንድ ኮርድ፣ ይሄ ሌላ፣ ይሄ ሦስተኛ፣ በል አሁን ባንድ መሥርት። አለቀ! ከዚያ በፊት በ1976 ማርክ ፔሪ የሚባል የባንክ ሠራተኛ «ስኒፊን ግሉ» የምትባል መጽሔት በታይፕ ጽፎ፣ ርዕሱን በወፍራም እስክሪፕቶ ሞንጭሮ፣ ፎቶኮፒ አድርጎ መሸጥ ጀመረ። የመጀመሪያዋ እትም 50 ቅጂ ገደማ ነበረች። አከፋፋይ የለ፣ ኤዲተር የለ። የፊደል ስህተቱም እንዳለ ነው።

ከልብ ወለድ ደግሞ የጆናታን ኮ «ዘ ሮተርስ ክለብ» አለላችሁ። በ2001 የወጣ፣ የሰባዎቹ በርሚንግሃም ላይ የተመሠረተ ነው። ፊሊፕ የሚባለው ልጅ ጠንቋይና ተረት የሞላበት የተንዛዛ የሮክ ድርሰት ጽፎ ከጓደኞቹ ጋር ልምምድ ይጀምራል። ከበሮ መቺው ይሰለቸዋል። አንድ ቀጥ ያለ ምት ይዞ መውገር ይጀምራል። ዘፋኙ ይጮኻል። በቃ፣ የፊሊፕ ድርሰት እዚያው አፈር ገባ። ባንዱ በአንድ ከሰዓት ፓንክ ሆነ። ባንድ ውስጥ የነበረ ሰው ይሄን ገጽ ሲያነብ እንባው እስኪወርድ ይስቃል፤ እንዲህ አይነት ልምምድ ሁላችንም አይተናል።

አስቂኙ ነገር ይሄ ሁሉ ስለ ማሳጠር እየተረከ፣ ኮ ራሱ መጽሐፉ መጨረሻ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር 13,955 ቃል ድረስ ይጎትታል። ፓንክ አይደለም፤ ግን ድፍረቱን ወድጄለታለሁ።

ኮተቤ_ልጅ፦

ትሬንስፖቲንግ ያልተነሳበት የፓንክ ወሬ! ሼም ነው።

ገጽ_ገላጭ፦

መምጣቱ አይቀርም ነበር። ኢርቪን ዌልሽ በ1993 ነው ያወጣው፤ ቦታው ሊዝ የሚባለው የኤድንበራ ወደብ ሰፈር ነው። ደራሲው ራሱ በሰባዎቹ መጨረሻ ለንደን መጥቶ ፓንክ ባንድ ውስጥ ሞክሯል። መጽሐፉን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነብ ሰው ድምፅ አውጥቶ ያንብበው፤ የተጻፈው ሰዎቹ በሚያወሩት ስኮትላንድኛ ስለሆነ በዓይን ብቻ አይገባም።

ዋናው ሰው ሬንተን ቤት በብድር አልገዛም፣ ልብስ ማጠቢያ ማሽን አላምረኝም፣ ሶፋ ላይ ተጎልቼ ቴሌቪዥን እያየሁ አልበሰብስም የሚልበት ቦታ አለ። በምትኩ የመረጠው ሄሮይን ነው። በሰማንያዎቹ ኤድንበራ ውስጥ መርፌ በመጋራት ኤችአይቪ ስንቱን እንደጨረሰ ስታውቁ ያ ንግግር ቀልድ መሆኑ ይቀራል። ፊልሙ በ1996 ወጣና ንግግሩ ፖስተር ሆነ። የተማሪ መኝታ ክፍል ግድግዳ ላይ ሁሉ ተለጠፈ። አልገዛም የሚለው ንግግር ተገዛ! ባለጊታሩ፣ ሒሳብ ሹም ያልከኝን በዚህ አስብልኝ።

ሊሊ_ሲልቨር_ስፕሪንግ፦

ወንዶች፣ እስካሁን የቆጠራችኋቸው ሰዎች በሙሉ ወንድ መሆናቸውን ልብ ብላችኋል? ስሚዝ፣ ቻርሊ፣ ሬንተን፣ ፊሊፕ። የሚያምፀው ወንድ ልጅ፣ በር ላይ ቆማ የምታለቅሰው እናት። ሰለቸን እኮ።

መድረኩ ላይ ሴቶች ነበሩ። ኤክስሬይ ስፔክስ የሚባለው ባንድ ዘፋኝ ፖሊ ስታይሪን አባቷ ሶማሌ ነበር። በ1977 ጥርሷ ላይ ብረት እንዳሰረች ወጥታ፣ ሴት ልጅ እንድትታይ እንጂ እንድትሰማ አይፈለግም የሚለውን አባባል ማይክሮፎኑ ላይ ቀደደችው። ልብ ወለዶቹ ግን እሷን የመሰለች ሴት ሲያመጡልን ብዙም አላየሁም።

አንድ ነገር ላቅርብ። የአለን ዋርነር «ሞርቨርን ካላር»፣ 1995። ሞርቨርን ስኮትላንድ ውስጥ አንዲት የወደብ ከተማ ሱፐርማርኬት ውስጥ የምትሠራ ወጣት ናት። በገና ሰሞን ስትነቃ ፍቅረኛዋ ወጥ ቤት ወለሉ ላይ ራሱን አጥፍቶ ታገኘዋለች። ኮምፒውተሩ ላይ የጻፈው ልብ ወለድ አለ፤ ለአሳታሚ ላኪልኝ ብሎ ተናዟል። ሞርቨርን ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? የሱን ስም አጥፍታ የራሷን ጻፈችበትና ላከችው። ሥራዋም ገባች። አትጮኽም፣ ንግግር አታደርግም፣ ለምን እንዳደረገችው አታስረዳንም። ጆሮዋ ላይ ዎክማኗን ሰክታ ትሄዳለች።

አንባቢው ይፈርድባታል፤ እኔም የመጀመሪያ ቀን ፈርጄባት ነበር። ግን ሕይወቱን ሙሉ መደርደሪያ ሲሞላ የኖረ ሰው ያንን ወረቀት ሲያገኝ ምን እንዲያደርግ ነበር የምንጠብቀው? ማንንም አታስፈቅድ ላልከው ባለጊታሩ፣ ይኸውልህ ያላስፈቀደች።

ባለጊታሩ፦

ሊሊዬ እጅ ሰጥቻለሁ። ዛሬውኑ እፈልገዋለሁ።

ገጽ_ገላጭ፦

ሊሊ፣ ስለ ሞርቨርን ያልሽው ሌላ ነገር አስታወሰኝ። ስለ ዓመፀኛ ወጣት የሚጽፈውስ ማን ነው?

በ1970 «ስኪንሄድ» (ፀጉራቸውን የሚላጩ ተደባዳቢ ወጣቶች መጠሪያ) የሚል ርካሽ የኪስ መጽሐፍ ወጣና በትምህርት ቤቶች እንደ ጉድ ተነበበ። ዋናው ሰው ጆ ሆኪንስ የ16 ዓመት ተደባዳቢ ነው። መጽሐፉ በዘረኝነት የተሞላ ነው፤ ዛሬ ማንበብ ያስጠላል። ሽፋኑ ላይ ያለው ስም ሪቻርድ አለን ይላል። እውነተኛው ጸሐፊ ጄምስ ሞፋት የሚባል ካናዳ የተወለደ ጎልማሳ ነበር። በዓመት ብዙ መጽሐፍ የሚያመርት፣ በቃል ብዛት የሚኖር ሰው። ፓንክ ሲመጣ በ1977 «ፓንክ ሮክ» የሚል ደግሞ ወዲያው አወጣ። ወጣቶቹ ራሳችንን አገኘን እያሉ የሚያነቡት አባታቸው የሚሆን ሰው ኪራዩን ለመክፈል የጻፈውን ነው።

በዚያው በ1977 ግን ጊዲየን ሳምስ የሚባል ልጅ «ዘ ፓንክ» የሚል አጭር ልብ ወለድ አሳተመ። የጻፈው የ14 ዓመት ተማሪ ሳለ ነው፤ ለትምህርት ቤት ሥራ። ታሪኩ ቀላል ነው። ፓንክ ልጅ ከጠላቶቹ ከቴዲ ቦይዎቹ (የሃምሳዎቹን አለባበስና ሮክ የሚወዱ ወጣቶች) ወገን የሆነች ልጅ ይወዳል። በዚያ ክረምት ለንደን ኪንግስ ሮድ ላይ ሁለቱ ወገኖች ከልባቸው ይደባደቡ ስለነበር ነገሩን ከአየር ላይ አላመጣውም። አጻጻፉ ጥሬ ነው፤ ዓረፍተ ነገሮቹ ይደናቀፋሉ፤ ታሪኩ ይሮጣል። የመጀመሪያው እትም ሽፋን ላይ እውነተኛ መርፌ ቁልፍ ተሰክቶበት ነበር። ከሞፋት ጋር አስተያዩት። ሞፋት ሙያውን ያውቃል፤ አንዱም ነገር ግን የራሱ አይደለም።

ኮተቤ_ልጅ፦

ሁሉም አሪፍ ነው። ግን እኛን ምን አገባን? የፈረንጅ ልጅ ፀጉሩን ቀለም ቀባ፣ እናቱ ደነገጠች፣ ከዚያ መጽሐፍ ተጻፈ። እዚህ ወጣቱ ሥራ አጥቶ ኮብልስቶን ላይ ተቀምጧል።

ሊሊ_ሲልቨር_ስፕሪንግ፦

እዚያም ሥራ አጥተው ነው እኮ የጮኹት ወንድሜ። ለፀጉር ቀለም ብቻ ማን ይጮኻል?

ፔክሃም_ዳር (ለንደን)፦

ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፤ ይቺን ግን ልመልስ። የሚያገባን ነገር አለ፣ ከምታስበው በላይ።

ኮቬንት ጋርደን ውስጥ ሮክሲ የሚባል የፓንክ ክለብ ነበር፤ በ1977 መጀመሪያ ነው የደመቀው። ሙዚቃ የሚያጫውተው ዶን ሌትስ ነበር። ለንደን የተወለደ፣ ወላጆቹ ከጃማይካ የመጡ፣ ድሬድ ያለው ወጣት። ፓንኮቹ ገና ሸክላ ያላሳተሙበት ጊዜ ስለነበር በባንድና በባንድ መካከል የሚያጫውተው ሬጌ ነበር። ስለዚህ ነጭ የሠራተኛ ልጆች ቢራቸውን ይዘው ስለ ጃንሆይና ስለ ጽዮን የሚዘፈነውን ሲሰሙ ያመሹ ነበር። ክላሽ የሚባሉት የፓንክ ባንድ የጁኒየር መርቪንን ሬጌ የተጫወቱት፣ ቦብ ማርሊ በ1977 ለፓንኮቹ ዘፈን ያወጣው ከዚህ ውስጥ ነው። በ1978 ቪክቶሪያ ፓርክ ላይ ዘረኝነትን የተቃወመው ትልቁ ኮንሰርት ሁለቱንም ሙዚቃ አንድ መድረክ ላይ አወጣ።

ወደ ልብ ወለድ ስንመጣ አሌክስ ዊትል አለ። በ1981 በደቡብ ለንደኑ የብሪክስተን ሰፈር አመፅ ታስሯል። እስር ቤት አብሮት የነበረ ራስታ መጽሐፍ እንዲያነብ ገፋፋው፤ ደራሲም ሆነ። በ2001 የወጣው «ኢስት ኦፍ ኤከር ሌን» ስለዚያ ዓመት ብሪክስተን ነው። ብስኩት የሚሉት ወጣት የሚውልበት አጥቶ በሰፈሩ ወሮበላና በፖሊስ መካከል ተይዟል። ጃ ኔልሰን የሚባል ራስታ ቁጭ አድርጎ የአፍሪካን ታሪክ ይነግረዋል። የአድዋ አገር ሰው ሆኖ ይሄን የሚያነብ የሚሰማውን ያውቀዋል።

ቤንጃሚን ዘፋንያም አለ። ከትምህርት ቤት የተባረረ፣ እስር ቤትም የገባ ራስታ ገጣሚ። በ2003 የንግሥቲቱን ኒሻን አልቀበልም ብሎ ምክንያቱን ጋዜጣ ላይ ጻፈ። በ2001 ያወጣው የወጣቶች ልብ ወለድ «ረፍዩጂ ቦይ» ዋና ሰው ዓለም ይባላል፤ አባቱ ኢትዮጵያዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት። በጦርነቱ ጊዜ ወታደሮች ቤታቸውን ሰብረው ሲገቡ ያሳየናል። መጀመሪያ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ቀጥሎ ኤርትራ ውስጥ፤ ትዕይንቱ አንድ ነው፣ ስድቡ ብቻ ተገልብጧል። አባትየው ልጁን ወደ እንግሊዝ ይዞት መጥቶ ሆቴል አሳድሮት፣ ጠዋት ደብዳቤ ትቶለት ይሄዳል።

ያ ሆቴል ያለው ዳቼት ነው። ዳቼት ደግሞ ስላው ከምትባለው የፋብሪካ ከተማ አፍንጫ ሥር ናት። ስላው የጆን ኪንግ «ሂዩማን ፓንክ» ከተማ ነች፤ መጽሐፉ በ2000 ወጣ። በ1937 ገጣሚው ቤትጀመን ቦምብ ይውረድባት ብሎ የገጠመባት ስላው። ኪንግ የሚተርከው ስለ ጆ ነው፤ በ1977 ክረምት ትምህርት ሊጨርስ የደረሰ ፓንክ ልጅ። አንድ ማታ ጆ እና ጓደኛው ስማይልስ ተደብድበው ቦይ ውስጥ ይወረወራሉ። ጆ ይወጣል። ስማይልስም በሕይወት ይወጣል፤ ውኃው ውስጥ ስለቆየ ግን አእምሮው እንደቀድሞው አልሆነም። ቀሪው መጽሐፍ ጆ ያንን ማታ ተሸክሞ እስከ 2000 ሲኖር ነው። ገጽ_ገላጭ፣ ማን ከፈለ ላልከው ከቻርሊ ይልቅ ስማይልስን ብታነሳ ይሻል ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። የ«ረፍዩጂ ቦይ»ው ልጅ ዓለም ከአገር ሊባረር ሲል የክፍል ጓደኞቹ ናቸው ዘመቻ የሚጀምሩለት። ፊርማ ያሰባስባሉ፣ ሰልፍ ይወጣሉ። ሰልፉን ማንም አላደራጀላቸውም። እኔ እዚህ አገር የስደተኛ ወረቀቴን ስጠብቅ ሰልፍ የወጣልኝ አልነበረም፤ ስለዚህ መጽሐፉን በቅናት ነው ያነበብኩት።

ኮተቤ_ልጅ፦

እሺ፣ ይሄ ገባኝ። «ረፍዩጂ ቦይ» በአማርኛ አለ?

ፔክሃም_ዳር፦

በአማርኛ አላየሁም። እንግሊዝኛው ቀላል ነው፣ ለልጆች የተጻፈ ነው፤ አትፍራ።

ጡረተኛው_መምህር፦

ክርክሩን አስፍታችሁታል፤ ደስ ብሎኛል። አንድ ነገር ግን ሁላችሁም ዘላችሁታል። ወጣት ያድጋል። እንግሊዛዊው ደራሲ አንቶኒ በርጀስ በ1962 «ኤ ክሎክወርክ ኦሬንጅ»ን ሲጽፍ ሆን ብሎ 21 ምዕራፍ አደረገው፤ 21 ያኔ ሰው ለአካለ መጠን የሚደርስበት ዕድሜ ስለነበረ። ዋናው ልጅ አሌክስ በ15 ዓመቱ ይዘርፋል፣ ይደበድባል፤ ከዚያም የከፋ ያደርጋል። መንግሥት በመድኃኒትና በፊልም ክፋትን እንዲያቅለሸልሸው ያደርገዋል። በመጨረሻው ምዕራፍ 18 ሆኖት ነውጡ በራሱ ጊዜ ይሰለቸዋል። ሚስትና ልጅ ያምረዋል። የአሜሪካው አሳታሚ ያንን ምዕራፍ ቆርጦ ጣለው። በ1971 የተሠራው ፊልምም ያለሱ ነው የተሠራው። ስለዚህ ዓለም የሚያውቀው አሌክስ የማያድገውን ነው።

በርጀስ የታገለው ሰው መልካምን የመምረጥ መብቱ ከተነጠቀ ሰው አይባልም ለማለት ነው። ምዕራፉ ሲቆረጥ ያ ሐሳብ ግማሹ ሄደ። እኔ በበርጀስ በኩል ነኝ። ዓመፅ የዕድሜ ነገር ነው፤ ብስለት ሲመጣ ይሰክናል።

ባለጊታሩ፦

ጋሼ፣ እዚህ ላይ ግን አልስማማም። 21ኛው ምዕራፍ እኮ የመጽሐፉ ደካማው ምዕራፍ ነው። ያን ሁሉ ግፍ የሠራ ልጅ ቡና ቤት ገብቶ የድሮ ጓደኛው ሚስት አግብቶ ሲያይ ሆዱ ባባ፣ በቃ? ያሠቃያቸው ሰዎች የት ሄዱ? እርስዎ ራስዎ ያመጡት ስሚዝ እኮ ልክ እንደዚያ አልሰከነም። ታሪኩን ሲነግረን ከማረሚያው ወጥቶ አሁንም እየሰረቀ ነው።

የስላውም ጆ ትልቅ ሰው ሆኖ ሸክላ እየገዛና እየሸጠ፣ እያጫወተ ነው የሚኖረው። ወደ አርባ ተጠግቷል። አልሰከነም፤ ግን አሌክስም አልሆነም። ይከራያል፣ ይሠራል፣ ማንንም አያስፈቅድም። አድጎ የቀረ ሰው አድርገው ነው የሚያዩት?

ጡረተኛው_መምህር፦

ሰውን ሳያነቡ መፍረድ ከሙያዬ ውጭ ነው። «ሂዩማን ፓንክ»ን አላነበብኩትም። የሚያውሰኝ ካለ አራት ኪሎ አካባቢ እጠብቃለሁ። ሰውየው እንዳልከው ከሆነ ደግሞ እዚሁ መጥቼ እጽፋለሁ፤ ካልሆነም መጥቼ እጽፋለሁ።

ገጽ_ገላጭ፦

ጋሼ፣ የኔን ቅጂ በሚቀጥለው ወር በሚመጣ ሰው እልክልዎታለሁ። ጠርዙ ላይ በእርሳስ ብዙ ሞነጫጭሬበታለሁ፤ የማይስማሙበትን ቦታ እርስዎም ይሞነጭሩበት። ሊሊ፣ «ሞርቨርን ካላር» ላይ ለብቻው ክር ክፈቺ፤ ስለ መጨረሻዋ የምከራከርሽ ነገር አለኝ።

ሊሊ_ሲልቨር_ስፕሪንግ፦

እከፍታለሁ፣ ቅዳሜ። ፊልሙን ብቻ ያየ ሰው እንዳይመጣ ግን።